ነጩ የቢሮ ስልክ

በ፲፱፻፸፭ ዓ.ም. ናዝሬት ቴሌኮሙኒኬሽን ቢሮ ተራ ስጠብቅ፣ የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ ነጋዴውን አቶ ኡርጌሳንና የወንድማቸውን ልጅ ሣራን አገኘሁ። ሣራ የንግድ ሥራ ትምህርቷን ጨርሳ የአጎቷን ሽያጭ የምትመራ ልጅ ናት። የመጡት የቢሮ ስልክ ሊመርጡ ነበር፤ ግን አልተስማሙም።

አቶ ኡርጌሳ የፈለጉት አንድ የሚያምር ነጭ ስልክ ነው። በዚያው ንግድ ያሉት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፋዲላ እንዲያ ያለ አስገብተዋል፤ በግድግዳው በኩል ሲጮህ በሰሙ ቁጥር አቶ ኡርጌሳ ምሳ እንኳ አይወርድላቸውም። ሣራ ደግሞ በአንድ መስመር የሚሠሩ ሁለት ተራ ጥቁር ስልኮች መረጠች፤ አንዱ ለእርሳቸው ክፍል፣ ሌላው ለመሸጫው።

«ጋሼ፣ ስልክ ለዓይን አይመረጥም። እርስዎ በማይኖሩበት ጊዜ ማን ያነሳዋል?»

«ስመለስ ይደውላሉ» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደንበኛው ሁልጊዜ አንቺን ካገኘ፣ ነገ የሚጠይቀው ማንን ነው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውዬው በጎረቤታቸው ብቻ ሳይሆን በገዛ የወንድማቸው ልጅም ይቀኑ ነበር።

ነጩ ስልክ በክፍላቸው ገባ። ሲወጡ ክፍሉን ይቆልፉታል፤ ሣራ ጩኸቱን እየሰማች ማንሳት አትችልም።

በኋላ እርሳቸው እንደነገሩኝ፣ ዝዋይ አንድ የአትክልት እርሻ ፓምፑ ተበላሽቶ ቲማቲሙ ሲጠወልግ እዚያው ነበሩ። ዕቃው መኖሩን ለማረጋገጥ ቢሯቸው ደወሉ። ጮኸ፤ የሚያነሳ የለም። የእርሻው ኃላፊ ሌላ ነጋዴ ልጠይቅ ሲል፣ እያፈሩ ወይዘሮ ፋዲላ ዘንድ ደወሉ። ወይዘሮ ፋዲላም ሣራን አስጠርተው አገናኟቸው፤ ዕቃው በዚያው ቀን ተጫነ።

አቶ ኡርጌሳ ለማመስገን ሄደው፣ ከዚህ በፊትም ደንበኞቼ ይደውሉልዎታል ወይ ብለው ጠየቁ።

«እርስዎ ዘንድ የሚያነሳ ሲያጡ ወደ እኔ ይደውላሉ» አሉ ወይዘሮ ፋዲላ። «እኔ ዘንድ የሌለውን ለሣራ እነግራታለሁ። ያለውን ግን እሸጥላቸዋለሁ።»

አቶ ኡርጌሳ በማግስቱ ለመሸጫው በዚያው መስመር የሚሠራ ሁለተኛ ስልክ አስገቡ፤ ተራ ጥቁር። ከዚያ ወዲህ ገበሬው ሳይንገላታ መልስ ያገኛል፣ ዕቃው ሳይዘገይ ይላካል፣ የራቀው ደንበኛም ተመልሷል። ቢሮ ስልክ ሲያስገባ ማሰብ ያለበት ለሚደውለው ሰው ነው።

አንድ ቀን ክፍላቸው ተቀምጬ ሳለ ስልኩ ጮኸ፤ አነሱት። ደዋዩ ከመተሐራ ነው፤ የፈለገው ሣራን ነበር። ፊታቸው ጠቆር ሲል አየሁ። ከዚያ ወደ መሸጫው ጮክ ብለው፣ «ሣራ፣ አንሺው፤ ላንቺ ነው» አሉ። ድምጿን በመስመሩ ሲሰሙ እጀታውን ቀስ አድርገው አስቀመጡት።