የዘይነባ ማድያትና የጣሪያው ላይ ጥላ

በእኛ ጊዜ… በእኛ ጊዜ ስል አትሳቁ እንጂ! ምን ያስቃችኋል? አዎ፣ ሩቅ አይደለም፤ ያ ብዙ አበሻ ከሪያድ እየተጫነ የተመለሰበት ዓመት አልፎ፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለን እኛ የቀረንበት ጊዜ ነው። ግን ያኔ ይቺ ፎዚያ ቦርሳ አዝላ ትምህርት ቤት የምትመላለስ ልጅ ነበረች፣ ዛሬ ይኸው ሙሽራ ልትሆን ነው፤ ታዲያ «በእኛ ጊዜ» ካላልኩ ምን ልበል? እና አሁን «እማ ሐሊማ፣ ሰርጌ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ሌዘር ገብቼ ይሄን የፊቴን ነጠብጣብ ሙሉ ለሙሉ ላስጠፋው ነው» ስትለኝ ዘይነባ ትዝ አለችኝ። ሻዩን ወዲህ በሉትና የዘይነባን ነገር ላጫውታችሁ።

እኔ ያኔ ሪያድ፣ ራውዳ ሰፈር ነበር የምሠራው፣ ትልቅ ቤት፣ ልጅ የበዛበት፣ ወጥ ቤቱ በእኔ እጅ ነው። ታዲያ ለጽዳቱ ዘይነባ መጣች፤ የወሎ ልጅ፣ ያገሬ ልጅ፣ ቀጭን፣ ሥራ የማይከብዳት፣ «እታለም» ነው የምትለኝ። ዓረብኛዋ ግን የወጥ ቤት ዓረብኛ ነው። «አምጪ»፣ «ውሰጂ»፣ «ያላ»፣ «ኸላስ»፣ ከዚያ ወዲያ የለም። እና አባቷ አገር ቤት ሆኖ ኒካሕ አስሮላታል። ለማን? ለሐሰን። ሐሰን ደግሞ እዚሁ ሪያድ፣ ሱወይዲ ሰፈር፣ የሱቅ ዕቃ የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ስሙኝማ፣ አንድ ከተማ እየኖሩ ባልና ሚስት አልተያዩም! እሷ ከቤት አትወጣም፣ እሱ ሰው ቤት አይገባም፤ የተላላኩት ፎቶ ብቻ ነው። የእሷን ፎቶ ደግሞ ደሴ ያነሳት ሰውዬ አጥቦ አጥቦ፣ ፊቷን የተላጠ እንቁላል አስመስሎታል።

ታዲያ ሪያድ ገብታ ጥቂት እንደቆየች ማድያት ወጣባት። ሁለቱን ጉንጯን፣ ከላይኛው ከንፈሯም በላይ፣ ቡናማ ሆኖ ተኛባት። ዒድ ሲደርስ አሠሪያችን መዳም ዕረፍት ልትሰጣት ነው፣ ያኔ ይተያያሉ። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ ይባል የለ? ይቺ ግን መታዘሉን ፈራችው። ማታ ማታ መስተዋቱን ይዛ፣ «እታለም፣ ፎቶዋን አግብቼ ሌላ ሰው መጣችብኝ ቢልስ?» ትለኛለች። «ኧረ ተይ» እላታለሁ። «ለአባቴ ደውሎ ቢመልሰኝስ?» ትላለች። «ተይ» እላለሁ እንጂ እኔም አላውቅም፤ ወንድ ምን እንደሚል ማን ያውቃል?

እና ምን አደረገች? ጓደኛዋ ከገበያ ቅባት ላከችላት። ስም የለው፣ ጽሑፍ የለው፣ በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ የታሸገ ነጭ ነገር። «በሳምንት ወተት ያስመስልሻል» ተብላለች። ወተት ይሁን እሳት እንጃ! በሳምንቱ ፊቷ ቀላ፣ ተላጠ፣ ጆሮዋና አንገቷ ግን ያው እንደነበሩ ናቸው። «አንቺ፣ አንገትሽ ከወሎ ነው፤ ይሄ ፊት ከየት አገር መጣ?» ብዬ ሳቅሁ። እሷ ግን አለቀሰች፣ ተንሰቅስቃ አለቀሰች፣ እኔም መሳቄን ተውኩ።

ታዲያ መዳም አየቻት። «ምን ሆነሽ ነው? ያላ፣ ነገ ከእኔ ጋር» አለች። መዳም ራሷ የቆዳ ሐኪም ጋ ትመላለሳለች፣ ፊቷን የምታስልጠው እዚያ ነው። እኔ ለማስተርጎም ተከተልኩ።

ዶክቶራዋ የሻም ሴት ናት፣ ሶሪያዊት፣ ፈገግታዋ አይጠፋም፣ ምላሷም አይተኛም። መጀመሪያ መዳም ቦርሳዋን ከፈተችና የሰርጓን ፎቶ አወጣች። «ይቺን አድርጊኝ» አለቻት። ዶክቶራዋ ፎቶውን አየች፣ መዳምን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች። «እመቤቴ፣» አለች፣ «እኔ የቆዳ ሐኪም ነኝ፣ ሰዓት ወደ ኋላ የማዞር ሰው አይደለሁም። ፊትሽ ይጠራል፣ ለስለስ ይላል፣ የምታይሽ ጓደኛሽ በደንብ ተኝተሽ ያደርሽ ይመስላታል። ከዚህ በላይ የሚልሽ ካለ ሽሺው!» መዳም አኮረፈች። ሳምንት ሙሉ አኮረፈች፣ ግን ተመልሳ የሄደችው እዚያው ነው።

ከዚያ ዘይነባን ተቀመጪ አለቻት። ጉንጯን አየች፣ ያንን የገበያ ቅባት አሽትታ ቆሻሻ ውስጥ ወረወረችው። እና እኔን ንገሪልኝ አለች፦ «ማድያት የልብስ እድፍ አይደለም፣ አይታጠብም። ይደበዝዛል፤ በወራት እንጂ በሳምንት አይደለም። ሙሉ ለሙሉ ላይጠፋም ይችላል፣ ፀሐይና የምድጃ ሙቀት ሲያገኘው ደግሞ ይመለሳል። በሌዘር አልቸኩልም፤ እንደናንተ ዓይነት ቆዳ ላይ ሌዘሩ ራሱ ጥቁር ነገር ትቶ ሊሄድ ይችላል። አላህ የሰጠሽን ቀለም አልነካም፣ እሱ ደህና ነው። ሽወይ ሽወይ።» ሽወይ ሽወይን ምን ብዬ ልተርጉመው? «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ትልሻለች» አልኳት። ዘይነባ ምን ብትል ጥሩ ነው? «እታለም፣ እኔ እንቁላል አይደለሁም፣ ዒድ ደርሶብኛል በያት!» ዶክቶራዋ «ፀሐይ ታገኝሻለች?» ብላ ጠየቀቻት። «ፀሐይ? ማፊ!» አለች ዘይነባ፤ የለም ማለቷ ነው። እኔም ማፊ አልኩ፣ መዳምም ማፊ አለች፤ ስትወጣ በአባያና በኒቃብ ነው፣ ፀሐይ በየት ገብቶ ያገኛታል? እና የሌሊት ቅባትና የቀን የፀሐይ መከላከያ ይዘን ተመለስን።

ቀባች። ወላሂ ሳታጓድል ቀባች። ያ መቃጠሉ ዳነ፣ ማድያቱ ግን ንቅንቅ የለም! ይባስ ብሎ ደመቀ። ታዲያ ሁለተኛ ሄድን፣ ያው ሦስታችን። ዶክቶራዋ መብራቱን አብርታ ጉንጯን አገላብጣ አየችና ግንባሯን ቋጠር አድርጋ፣ «ሌሽ ማፊ ተሐሱን?» አለች።

ፎዚያ፣ አንቺማ ገባሽ፣ እዚህ ያደግሽ ነሽ። «ለምንድን ነው መሻሻል የሌለው?» ማለቷ ነው። ዘይነባ ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሰማችው አንድ ነገር ነው፤ ሐሰን! ከወንበሯ ብድግ አለች። እኔ አፌን ሳልከፍት በዚያች በተሰባበረች ዓረብኛ፣ «ወላሂ ዶክቶራ፣ ሐሰን ሐላል! ሐሰን ስልክ ብቻ! ጣሪያ ላይ፣ ዙህር ሰዓት፣ ስልክ ብቻ!»

መዳም ቀስ ብላ ዞረች። «መን ሐሰን?» ሐሰን ማን ነው?

ያ አላህ! ያኔ ሠራተኛ በድብቅ ከወንድ ጋር ስታወራ ከተገኘች ሻንጣዋን ማሰር ነው፣ ወሬ የለውም። እኔ መሐል ገባሁ፦ «መዳም፣ ባሏ ነው፣ አባቷ ኒካሕ አስሮላታል፣ ምስክር አለ፣ አንድም ቀን አልተያዩም፣ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ነው የሚደውልላት» እያልኩ አንዱን ባንዱ ላይ ደራረብኩት። በዚህ መሐል ዶክቶራዋ ጠረጴዛውን ይዛ ስትስቅ አየኋት፣ እንባዋ እስኪፈስ! «እኔ ያልኩት ተሐሱን ነው እንጂ ሐሰን አይደለም! ግን ቆይ፣ ቆይ… ጣሪያ ላይ? በቀትር? ፊትሽ ተገልጦ?»

አያችሁ? በሽታው ተገኘ! ለዘይነባም ለእኔም ፀሐይ ማለት መንገድ ላይ ያለው ነው፤ ጣሪያውማ ቤት ነው፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ማን ይሸፈናል? በዚያ በሪያድ ቀትር፣ እንጀራ በሚያበስል ሙቀት፣ ጉንጯን ለፀሐይ ሰጥታ «እሺ ሐሰኔ፣ እንዴት ዋልክ ሐሰኔ» ስትል ነው የከረመችው። ማድያቱን ያፈላው ፍቅሩ ነው!

ታዲያ መዳም መኪና ውስጥ ስንገባ፣ «ባል ካለሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት። «ፈርቼ» አለች። መዳም ወደ መስኮቱ ዞረችና፣ «ስልኩን አልከለክልሽም። ጣሪያው ግን በቃ» አለች። አልሐምዱሊላህ አልን።

ግን ምኑ ያልቃል! ሐሰን ከማለዳ ጀምሮ እስከ ሌሊት መኪና ላይ ነው፣ ዕረፍቱ ቀትር ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ልጆቹ ጆሯቸውን አንገቷ ላይ ይለጥፋሉ። እና ስልኩ ቆመ። አንድ ቀን ለእኔ ደወለ። «እህቴ ሐሊማ፣ ባላህ እውነቱን ንገሪኝ፤ ሌላ ሰው መጣ?» ድምፁ ይሰበራል። «ራሷ ትንገርህ» አልኩና ለእሷ ሰጠኋት። አስቡት እስቲ፤ ብትነግረው ያንን ሁሉ ጊዜ የደበቀችውን ፊት ማውጣቷ ነው፣ ባትነግረው ሰውየውን ማጣቷ ነው።

ወጥ ቤቴ ውስጥ፣ ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ፣ «ሐሰን፣ ፎቶው ላይ ያለችው አይደለሁም፤ ማድያት አለብኝ፣ ፀሐይ ያባብሰዋል፣ ለዚህ ነው ጣሪያ መውጣት ያቆምኩት» አለችው። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ነበርና እኔም እሰማለሁ። ከዚያ፣ «ይህን ሁሉ ጊዜ ከእኔ ጋር ስታወሪ ፀሐይ ላይ ቆመሽ ነው?» አለ። «አዎ።» «በዚያ ቀትር?» «አዎ።» «ቆይ» አለና ዘጋው። «ዘጋብኝ እታለም፣ አበቃ!» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔም፣ ልዋሽላችሁ? አበቃ ነው ያልኩት።

በማግስቱ የቤቱ ሾፌር አንድ ረጅም ጥቅል ይዞ በወጥ ቤቱ በር መጣ፣ ግራ ገብቶታል። «ለዘይነባ ነው» አለ። ፈታነው፤ ጥላ! ትልቅ፣ ጥቁር ጥላ፣ ሦስት ሰው የሚያስጠልል! ሾፌሩ ወደ ሰማይ አየ፣ እኛን አየ፣ «ማፊ መጠር!» አለ፤ ዝናብ የለም እኮ! ወዲያው ስልኩ ጮኸ፣ ሐሰን ነው፤ «አሁን ከሥሩ ሆነሽ አውሪኝ።»

መዳም ሰማችና ሳቀች፣ ለጣሪያውም ፈቀደች። እና በዚያ ደመና በማያውቅ ሰማይ፣ ቅባቷን ተቀብታ፣ በተሰጣው ልብስ መሐል ጥላ ዘርግታ ስታወራ ብታዩአት! ጎረቤቶቹ ምን እንዳሉ አላህ ይወቅ።

ታዲያ ዒድ ደረሰ፣ ማድያቱ ደብዝዟል እንጂ አልጠፋም። ሐሰን መጣ፣ በመዳም ሳሎን ተቀመጠ። ዘይነባ አንገቷን ደፍታ ገባች። አየት አደረጋት፣ እኔ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ። «ፎቶው ላይ አትስቂም ነበር» አላት። ያኔ ነው እየሳቀች እንደሆነ ያወቀችው።

እና ፎዚያ፣ አሁንም ማድያቱ አለ። ሲበርድ ይሸሻል፣ ሙቀት ሲመጣ ይመጣል፣ ዶክቶራዋ እንዳለችው ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ስንሄድ ታዲያ ዶክቶራዋ ጉንጯን አይታ፣ «ሃ፣ ፊ ተሐሱን?» አለቻት፤ መሻሻል አለ? ያኔ ዘይነባ ቃሉን ካወቀችው ቆይታለች። ፊቷን ኮስተር አድርጋ ምን አለች መሰላችሁ? «ፊ ሐሰን፣ ዶክቶራ! ታች መኪና ውስጥ እየጠበቀኝ ነው!»

ሂጂ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ አልከለክልሽም። ግን በሦስት ሳምንት ሁሉንም አጠፋልሻለሁ ካለችሽ ተነስተሽ ውጪ። ሽወይ ሽወይ ካለችሽ ተቀመጪ። ደግሞ ማን ነው የሚደውልልሽ? እሱ ነው? ወዴት ነሽ፣ በረንዳ? አንቺ ልጅ፣ ፀሐዩ ገና አልገባም፣ ጥላ ያዢ!