ከሰሜኑ መስመር ወዲያ ያለው አረቦን

በሰሜን ኖርዌይ፣ በትሮምሶ ወደብ ከጀልባ ላይ የተቀቀለ ሽሪምፕ፣ ያን ትንሽ የባሕር ምግብ፣ ለመግዛት ተሰልፌ ሳለሁ፣ ጎረቤቴ ካፒቴን ቶርላይቭ ክቮል አንድ ደብዳቤ ይዞ እያጉረመረመ ከፊቴ ቆሞ ነበር። የመርከበኞች ትምህርት ቤት መምህር ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

«ምን ተፈጠረ?» አልኩት።

«እሱማ ቢገባኝ ኖሮ! ከስቫልባርድ ደሴቶች ወዲያ ላሉ ተመራማሪዎች ስንቅና ነዳጅ ላደርስ ነው። ኢንሹራንሶቹ ግን ‹ካርታው ላይ ካሰመርነው ከዚህ መስመር በስተሰሜን ሳታሳውቀን ከሄድክ መርከብህን አናውቃትም፤ መሄድ ከፈለግክ ለመድኑ ተጨማሪ አረቦን ክፈል› ይሉኛል። ባሕር ላይ መስመር አይተህ ታውቃለህ? ሳልነግራቸው ሄጄ እመለሳለሁ!»

ከፊቱ የቆመችው ወጣት ዞር አለች። ሶልቪ ናት፤ የቀድሞ ተማሪዬ፣ አሁን የኢንሹራንሱ ሠራተኛ።

«ይቅርታ ካፒቴን፣ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች።

«እሰይ! አንቺን ነው የምፈልገው። በወጣትነቴ በረዶው በበጋ እንኳ መንገድ ይዘጋ ነበር። ዛሬ ቀልጦ ባሕሩ ተከፍቷል። በረዶው ሲቀንስ ክፍያው የሚጨምረው በየትኛው ሒሳብ ነው?»

«ድሮ በረዶው እንደ ግንብ ቆሞ ይመልስዎት ነበር። አሁን ተሰባብሮ ይንሳፈፋል፤ አብዛኛው ከውኃ በታች ስለሆነ አይታይም። እዚያ የመርከብዎ መሪ ቢሰበር ጎታች መርከብ በስንት ቀን ይደርሳል?»

«በሁለት። አየሩ ከከፋ በሦስት።»

«እዚህ በተራሮቹ መካከል፣ ፊዮርዱ ውስጥስ?»

«ይህ ሽሪምፕ ሳይቀዘቅዝ ይደርሱልኛል።»

«ብልሽቱ አንድ ነው፤ የሚያስከፍለው ግን አንድ አይደለም።»

ካፒቴኑ ራሱን አከከ። «ይሁን። ቁጥሩን ግን ከየት አመጣችሁት? ለምን ግማሹ ወይም እጥፉ አልሆነም?»

ሶልቪ ፊቷ ቀላ። ላግዛት ፈልጌ ነበር፤ እኔም ግን አላውቀውም።

«እውነቱን ልንገርዎት? በትክክል አናውቅም» አለች። «በዚያ የሄዱት መርከቦች ጥቂት ናቸው። ካርታውም ብዙ ቦታ ላይ ባዶ ነው። የተወደደውም ስለማናውቅ ነው።»

«ሰማህ? አታውቅም!» ብሎ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። ሳቁ ግን ሳይጨርሰው ጠፋ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ባለፈው ነሐሴ፣ ካርታው ባዶ በሆነበት ቦታ የመርከቤን ሆድ የሆነ ነገር ነካው። ድንጋይ ይሁን በረዶ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ሰባቱ ሠራተኞቼ ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ‹ምንም አይደለም› አልኳቸው። አንዱ የልጄ ባል ነው። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።»

«ለምን?» አለች ሶልቪ።

«አርባ ዓመት ካፒቴን ሆኜ ‹አላውቅም› ልበል?»

«እኔስ አሁን አላልኩም?»

«ኧረ ተራችሁ ደርሷል! ስንት ኪሎ?» ብሎ ሽሪምፕ ሻጩ ጮኸብን። ሦስታችንም ለምን እንደተሰለፍን ረስተን ነበር።

ሽሪምፓችንን ይዘን ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሶልቪ የመርከቧ ሆድ ከተመረመረ፣ በበረዶ መካከል መርከብ መምራት የሚያውቅ መኮንን ከተቀጠረና ከሌላ መርከብ ጋር ከተጓዘ አረቦኑ እንደሚቀንስ አስረዳችው። ካፒቴኑ ብዙ ጠየቀ፤ ሁሉም ግን አልገባውም። በመጨረሻ «ሁሉንም ጻፊው፤ የነሐሴውንም አደጋ ጭምር» አላት።

ካፒቴኑ የተባለውን አሟልቶ አረቦኑን ከፈለ፤ በመስከረም ከሠራተኞቹ ጋር ሄዱ፤ ተንሳፋፊ በረዶ መሪያቸውን አጣመመው። አብራቸው የነበረችው መርከብ ሳትለያቸው ጠበቀች፤ ጎታቹ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። የመጎተቱንም የጥገናውንም ወጪ ኢንሹራንሱ ሸፈነ። ተደብቀው ሄደው ቢሆን ኖሮ መርከቧ እዚያው ትቀር፣ የሰባት ቤተሰብ እንጀራም ይቋረጥ ነበር። አረቦን የወረቀት ሰዎች ቅጣት የመሰለን ሁሉ ልብ እንበል፤ ሰው ከመሄዱ በፊት እንዲመረመር፣ እንዲዘጋጅና ብቻውን እንዳይሄድ ያስገድዳል።

የካፒቴኑ አማች ግን ከዚህ ሁሉ ሌላ ነገር ነገረኝ። «ጎታቹን ስንጠብቅ ካፒቴኑ ሰበሰበንና የሚያውቀውንም የማያውቀውንም አንድ በአንድ ነገረን። ከዚያ በፊት ‹ምንም አይደለም› ሲለን እንፈራ ነበር። ያን ቀን ግን ልባችን ረጋ።»