የተቆረጠው ካርቶን

ከመርካቶ የገዛሁት ቴሌቪዥን ተበላሽቶ ብመልሰው አንቀበልም አሉኝ። ከአልጋ ለማትነሳው እናቴ የገዛሁት ነበር፤ ገና ሳትጠግበው ጠፋ። ስገዛው ሻጩ፣ «ጋሼ፣ ካርቶኑ ላይ ያለችውን ምልክት ቆርጠው ለአስመጪው ይላኩ፤ ቅናሹ በስልክዎ ይገባል» ብሎኝ ቆርጬ ልኬ ነበር። እስካሁን የገባ ነገር የለም። አሁን ደግሞ ካርቶኑን አገላበጠና «ምልክቷ የታለች?» አለኝ።

«ቁረጥ ያልከኝ አንተ ነህ።»

«ለቅናሹ ነዋ። ካርቶኑ ከተቆረጠ ግን ዋስትና የለውም።»

«ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ያኔ የጠየቁኝ ስለ ቅናሹ ነው፣ ጋሼ።»

በወጣትነቴ እዚሁ መርካቶ፣ ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር፣ ካርቶን አንጥፌ አድሬያለሁ፤ ካርቶን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ሻጩ ሱቁን ቆልፎ ምሳ ሄደ። ዕቃውን የተሸከመልኝ ሰውዬ ላቡን ጠረገና፣ «ሌላ ጊዜ ካርቶኑን ይግዙ፣ ቴሌቪዥኑን ይመርቁልዎታል» አለኝ። አልሳቅሁም። እናቴ በሩን እያየች እንደምትጠብቀኝ አውቃለሁ።

«ወዴት ልውሰደው፣ ጋሼ?» አለኝ።

የተቆለፈው ሱቅ በረንዳ ላይ እኔና እሱ ቀረን።