የፊታውራሪ ጥሩንባ

የመኪና ድምፅ ናፍቋችሁ ያውቃል? እኔን እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። የፊታውራሪ ሾፌር ነበርኩ። ጣልያን ደብረ ማርቆስ ሲገባ ፊታውራሪ ጫካ ገቡ። ከመሄዳቸው በፊት ግን ያቺን በእጅ እየተጨመቀች የምትጮኸውን ጥሩንባ ከመኪናዋ ፈቱና፣ "መኪናዋን ይውሰዳት፤ ድምጿን ግን አልተውለትም" ብለው በጋቢያቸው ጠቅልለው ይዘዋት ሄዱ።

ከዓመት በኋላ አንድ የጣልያን ካፒቴን መኪናዋን ከጋጣ አስወጣና እንደ ጥንቷ ካላደረግኋት አለ። እኔን አጣቢ አድርጎ፣ በአስተርጓሚ ዕቃዋን አንድ በአንድ ይጠይቀኝ ጀመር።

"ይሄ መብራት የራሷ ነው?"

"የራሷ ነው።"

"መስተዋቱስ?"

"አይደለም፤ የድሮው ሲሰበር እኔ ነኝ የቀየርኩት።"

በመጨረሻ ከሌላ መኪና የተፈታ ጥሩንባ አመጣ። ዓይኔን በጨው አጥቤ "የራሷ ነው!" ብዬ ማልኩለት። ታዲያ ዋናዋ የት እንደ ገባች ልንገረው?

ደስ ብሎት አጠገቡ አስቀመጠኝና በአማኑኤል መንገድ ነዳት። ኩርባው ላይ ሁለት ጊዜ ነፋ። ከማዶው ተራራ ያቺ የማውቃት ድምፅ መለሰች።

"ምንድን ነው?" አለኝ።

"የገደል ማሚቶ ነው፣ ጌታዬ።"

ሳቀና እንደገና ሁለት ጊዜ ነፋ። ገደሉ ሦስት ጊዜ መለሰ። እሱ አልቆጠረም፤ እኔ ግን ቆጠርኩ። በደኅናው ዘመን ፊታውራሪ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠው ስዘገይባቸው፣ ና ሲሉኝ ሦስት ጊዜ ነበር የሚነፉት።

በማግስቱ ካፒቴኑ መኪናዋን የሚያጥብለት ሰው አጣ።