«ተራራው የኔ ነው» ላሉት ለጋሽ ሽመክት

ሱጉሌ፣ ማይኩን ትንሽ ቀንስልኝ። የምናገረው ቶጎጫሌ ድረስ መሰማት የለበትም። እሺ፣ ይበቃል።

ውድ ባልደረቦቼ፣ እትዬ ለተማርያም፣ ባለቤትዎን ጋሽ ሽመክትን ለዛሬው ሽኝት ስላዋሱን እናመሰግናለን። ሩዙ ሳይቀዘቅዝ ለመጨረስ ቃል እገባለሁ። ቃሌን ግን ብዙም አትመኑት።

ጋሽ ሽመክት ጅግጅጋ የመጡ ቀን እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር። የነገሩኝ የመዝገብ ቤቷ እትዬ ፈትያ ናቸው፤ ካጋነንኩ ከሳቸው ጋር ተነጋገሩ። ጋሽ ሽመክት ፍራሻቸውን ጠቅልለው ከአውቶቡስ ይወርዳሉ። ነፋሱ ያንን አቧራ ዐይናቸው ውስጥ ይጨምርላቸዋል። ዐይናቸውን እያሹ አጥር ወደምንጋራው ጎረቤት መሥሪያ ቤት ይገባሉ። ማን ነህ ያላቸው የለም። ስብሰባ ነበርና ወንበር ሰጧቸው፤ ተሰበሰቡ። ስብሰባው ሳያልቅ የስፖርት ኮሚቴ ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ! እኛ ጋ «አዲሱ ሠራተኛ የት ገባ?» እየተባለ ሲፈለጉ እትዬ ፈትያ በአጥሩ ቀዳዳ አዩዋቸው።

«አንተ ልጅ! አንተ እኮ የኛ ነህ!»

ጋሽ ሽመክት ቀና ብለው ምን ቢሏቸው ጥሩ ነው? «ቃለ ጉባኤውን ልጨርስና መጣሁ።»

እንግዲህ እኝህ ሰው ናቸው ጡረታ ሲወጡ ሁለት ተራራ ለመውጣት ያቀዱት። መጀመሪያ የኬንያን ተራራ፣ ቀጥሎ ኪሊማንጃሮን። «ለምን ሁለት?» ብላቸው «አንዱ ለልምምድ ነው» አሉኝ። እኔንም የጉዞው አባል አደረጉኝ። ለዓመታት አቅደናል። ትናንት ግን ከሰዓት በኋላ ጠርተውኝ፣ «ሶሲና፣ ትቼዋለሁ። አንቺ ፈቃድ ከተከለከልሽ እኔም አልሄድም» አሉኝ።

ስለዚህ ዛሬ የቆምኩት ላመሰግን ብቻ አይደለም። ይህ ንግግር ሳያልቅ ሐሳባቸውን ላስቀይር ነው። እትዬ ለተማርያም፣ እርስዎ ከማን ወገን እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ግን ጨርሼ ልናገር።

ልምምዱን ታስታውሳላችሁ። ጋሽ ሽመክት ውሃ የሞላ ጄሪካን በጀርባቸው አዝለው የመሥሪያ ቤታችንን ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ፣ ሱጉሌ በመስኮት አይቶ፣

«ዋርያ ሽመክት! ውሃ ሊጠፋ ነው እንዴ?» አለ።

ጋሽ ሽመክት ትንፋሽ አጥሯቸው ስለነበር መልስ አልሰጡም። ዝምታቸው እንደ ማረጋገጫ ተቆጠረ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የሰፈሩ ሰው ቢጫ ጄሪካኑን ይዞ በራችን ላይ ተሰለፈ። አንዷ እናት ጋሽ ሽመክት ሲወርዱ ጠብቀው ጀርባቸው ላይ ካለው ቀዱ። «ቢያንስ ቀለለኝ» አሉ ጋሽ ሽመክት።

ደግሞ ጃኬቱ አለ። ከቶጎጫሌ ልባሽ ተራ የገዙት፣ በረዶ ላይ ለሚንሸራተት ሰው የተሠራ ብርቱካንማ ጃኬት። ለመስክ ሥራ አፍደም ስንሄድ ለበሱት። አፍደም! ጥላው እንኳ በሚያልብበት አገር። ጓንትም አድርገዋል። ከመኪና ሲወርዱ ሰዎች ክፉ ወባ የያዛቸው መስሏቸው ደግፈው ጤና ጣቢያ አስገቧቸው። ኤብላ የምትባል ነርስ እንደ አጎቷ ጠርታቸው ግንባራቸውን ዳሰሰች።

«አዴር፣ ብርድ ብርድ ይልዎታል?»

«ገና ነው» አሏት። «እየጠበቅሁት ነው።»

ከከተማው አጠገብ ካራማራ ተራራ ላይ ለመለማመድ እሑድ እሑድ መንገድ እንወጣ ነበር። አንድ ቀን ኬላው ላይ ያለው ጠባቂ ድንኳናችንንና ገመዳችንን አይቶ፣ «ወዴት ናችሁ?» አለ። ጋሽ ሽመክት ውሸት አይችሉም። «ኪሊማንጃሮ» አሉት። ጠባቂው መታወቂያቸውን አገላበጠና፣ «የየትኛው ወረዳ ነው?» አለ። ቁጭ ብለን ስናስረዳው የዕለቱ ልምምድ ቀረ።

አሁን ወደማይሳቅበት እሄዳለሁ። መሳቅ ግን አልከለክልም።

ጋሽ ሽመክት የተራራውን ዕቅድ የጻፉት በመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ነበር። ሌላ አጻጻፍ አያውቁም፤ ግብ፣ ዋና ተግባር፣ የአፈጻጸም መለኪያ። ዓመታዊ ዕቅዳችን ተጠርዞ ለኃላፊዎች ሲሄድ የሳቸው ወረቀት አብሮ ተጠረዘ። አለቆቻችን አነበቡት ይባላል። አጸደቁትም። ያጸደቁት ግን በማሻሻያ ነው፦ «ዕቅዱ ይበልጥ ይለጠጥ፤ ተራራው ከሁለት ወደ ሦስት ከፍ ይበል።»

ሦስተኛው ተራራ የቱ እንደሆነ ዛሬም አልተነገረንም።

ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ተራራ የመውጣት ሥራችን ከግማሽ በላይ መከናወኑ ሪፖርት ተደረገ። አንድም ሰው ግን ኬንያ አልደረሰም። ተጨበጨበ። ያጨበጨባችሁ እዚህ አላችሁ፤ እኔ ደግሞ ማጨብጨቤን ትቼ ከአንድም ሁለት ጊዜ «ይህ የጋሽ ሽመክት የግል ጉዞ ነው» ብያለሁ። «ዝም በይ፣ ነጥብ ያስገኛል» ተባልኩ። በኋላ ከበላይ አካል የመጡ ተቆጣጣሪዎች «ተራራውን አሳዩን» አሉ። ኃላፊያችን አቶ ፋኑኤል በመኪና ይዘዋቸው ወጡና በመስኮት ካራማራን አሳዩአቸው። «ሌሎቹስ?» ሲሏቸው «ከኋላው ናቸው» አሉ።

አቶ ፋኑኤል፣ አንገትዎን አይድፉ። ሩዙ አለ፣ ይብሉ።

ነገሩ ሲገለጥ ጥፋተኛ ተፈለገ። የተገኘሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪ ይዤ፣ የዕቅድ ቡድን መሪነቱን ተወዳድሬ አሸንፌ የያዝኩት እኔ። ከቦታዬ ተነሥቼ ሽንሌ ወደሚገኘው ቅርንጫፍ እንድሄድ ሲወሰን አዳራሹ ሙሉ ነበር። ይህ በሽኝት ላይ አይባልም የምትሉኝ አላችሁ። ያን ቀንም በስብሰባ ላይ አይባልም ብላችሁኝ ነበር።

አንድ ሰው ብቻ ተነሣ።

«ተራራው የኔ ነው» አሉ ጋሽ ሽመክት።

«አቶ ሽመክት፣ ይቀመጡ» አሉ አቶ ፋኑኤል። «ጡረታዎ ደርሷል፤ ራስዎን አያስገምቱ።»

«ተራራው የኔ ነው። ሁለቱም። ሦስተኛውን ግን አላውቀውም፤ እሱ የእናንተ ነው።»

አልተቀመጡም። ስብሰባው እስኪበተን በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ቆሙ። ያም ሆኖ እኔ ሽንሌ ሄድኩ።

ሽንሌ ክፉ አገር አይደለችም። ሰዎቿ ተቀብለው አስተናግደውኛል። ክፉው የተላክሁበት ምክንያት ነበር። ሥራውን ጥዬ ልሄድ ልብሴን እየሸከፍኩ ሳለ አንድ ቅዳሜ ጋሽ ሽመክት ድንኳኑን ተሸክመው ከሚኒባስ ወረዱ። «የድንኳን አተካከል ልምምድ ይቀረናል» አሉ። ግቢው ውስጥ ተከልነው። ተክለን ሳንጨርስ አንዲት ፍየል ገብታ ተኛች። ብንጎትታት፣ ብንለምናት፣ ቅጠል ብናሳያት አልወጣም አለች። እኛ ውጭ ጠጠር ላይ ተቀመጥን። ያኔ ነው እንዲህ ያሉኝ፦

«ሶሲና፣ ይህን ሥራ የምትለቂ ከሆነ ለራስሽ ብለሽ ልቀቂ። እነሱ ስለገፉሽ እንዳትለቂ።»

ስለዚህ ቆየሁ። አቤት አልኩ፤ ደጋግሜ አቤት አልኩ፤ ተመለስኩ። ጋሽ ሽመክት፣ ተምሬ ያላገኘሁትን ከእርስዎ አገኘሁ፤ ሰው ለብቻው ሲቆም ምን እንደሚመስል። አስቂኝ ይመስላል። ጃኬቱን አፍደም ላይ እንደ መልበስ ያለ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አሁን ወደ ፈቃዱ። እዚህ የማልጠቅም ሆኜ ሽንሌ የተላክሁ ሰው፣ አሁን የዓመት ፈቃድ ስጠይቅ «ያለሷ ሥራው ይቆማል» ተባለልኝ። አመሰግናለሁ፤ ምስጋናው ግን ዘግይቷል።

ምን አሉ አቶ ፋኑኤል? ማይክ ስጡልኝ... አያስፈልግም፣ ሰማሁ። «ይፈቀዳል» አሉ። ሁላችሁም ሰማችሁ። ይህም ዘገየ። ዛሬ ጠዋት መልቀቂያዬን ለእትዬ ፈትያ ሰጥቻለሁ።

አትጩሁ! ጋሽ ሽመክት፣ አይደንግጡ። ማንም አልገፋኝም። እርስዎ እንዳሉኝ ለራሴ ብዬ ነው የለቀቅሁት። ከተራራው ስወርድ ሥራ እፈልጋለሁ፤ አንብቦ የሚያጸድቅ ሰው ያለበት ቦታ።

«አንቺ ልጅ፣ ጉልበቱስ?» እያሉኝ ነው እትዬ ለተማርያም። ጉልበታቸው ካመማቸው እንመለሳለን። ከግማሽ መንገድ መመለስም መሄድ ነው። ቤት ተቀምጠው ግን መስኮት መስኮቱን እያዩ ሲቆዝሙ ከርስዎ በላይ የሚቸገር የለም። አሁን አንድ ነገር ብቻ ይንገሩን ጋሽ ሽመክት። ጥያቄው ይሄዳሉ አይሄዱም አይደለም፤ መቼ?

...ሰማችሁ? «ከጥምቀት በኋላ» አሉ! እትዬ ፈትያ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር።

በሉ ተነሡ። ማንጎ የያዘ ማንጎውን፣ ሻይ በወተት የያዘ ሻዩን ያንሣ። አቶ ፋኑኤል፣ እርስዎም። ጋሽ ሽመክት፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ትንፋሽዎ አይጠር፣ በረዶው ይራራልዎ፣ እትዬ ለተማርያም በደህና ሄደው በደህና ሲመለሱ ይዩዎት። እርስዎ ደግሞ አደራ፣ ተራራው ላይ አይቸኩሉ። ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ።

ለጤናዎ!