ደመራ የሆነው የጀልባ ምሰሶ

የምስክር ቃል

ስም፦ ወ/ሮ ዘነቡ አዳም
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ ግብርና
አድራሻ፦ ከላሊበላ ወደ ገነተ ማርያም መውጫ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው፦ ም/ሳጅን ምሥጋናው

የግል ተበዳይ ነኝ ያለው አቶ ገብረመስቀል ባለቤቴ ነው። ተጠርጣሪው ደሳለ ጎረቤታችን ነው። ባለቤቴ በወጣትነቱ ምጽዋ በባሕር ኃይል አገልግሎ፣ በ1983 ዓ.ም. ወደ ላስታ የተመለሰ ሲሆን፣ እግሩ ተመለሰ እንጂ ልቡ እስካሁን አልመጣም። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንኳ ከእኔ ጋር አይደለም።

ባለፈው ዓመት ከሐይቅ ከተማ፣ ምሰሶዋ የተሰበረ አሮጌ ባለሸራ ጀልባ በአይሱዙ አስጭኖ አመጣ። ሐሳቡ ጠግኖ ሊመልሳትና ከመሞቱ በፊት አንዴ ሸራ ሊዘረጋባት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ “የኖኅ ታናሽ ወንድም” እያለ ሳቀበት። ለምሰሶ የሚሆን ቀጥ ያለ ጥድ ከቤታችን ኋላ አለ፤ በተጋባን ዓመት የተከልኩት ስለሆነ አላስቆርጥም አልኩ። “ባሕሩ አንተን ወስዷል፤ ጥዴን አይወስድም” ማለቴን አልክድም። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ገዝቶ፣ ልጦ፣ የኑግ ዘይት ሲቀባው ከረመ።

መስከረም 15 ቀን፣ ምሰሶውን ጀልባዋ ላይ ከመትከሉ በፊት የገመዶቹን ልክ ለመውሰድ ፈለገ። ግቢያችን ተዳፋት በመሆኑ ሜዳው ላይ አቁሞ በአራት በኩል በገመድ ወጠረው፤ ነፋሱን እንዲያይበትም ጫፉ ላይ ቢጫ ጨርቅ አሰረ። ገመዱ እየላላ ስላስቸገረው በማግስቱ ማለዳ የብረት ገመድ ፍለጋ ወደ ወልድያ ሄደ። ለእኔ የነገረኝ “ጉዳይ አለኝ” ብቻ ነው። ስሙ ገብረመስቀል ሆኖ መስቀል መድረሱን፣ ሜዳውም የደመራ ሜዳ መሆኑን ረሳ። ባሕር የያዘው ሰው ምን ያስታውሳል?

የዚያን ዕለት ማታ የሰፈሩ ሰው እንጨት ይዞ ሲወጣ ምሰሶው ቆሞ ጠበቀው። “አያ ገብረመስቀል ለስማቸው ቀን ተስለው ነው ያቆሙት” ተባለ። ደሳለ ግን ቤቴ ድረስ መጥቶ “እትዬ ዘነቡ፣ እንደምርበት ወይ?” ብሎ ጠይቆኛል። ደምሩበት ያልኩት እኔ ነኝ። ባሕሩን ትቶ ምሰሶውን ለመስቀል የሰጠው መስሎኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁት ነገር ስለነበር አልመረመርኩም። ደስ ብሎኝ እኔም አንድ ሸክም እንጨት ጣልኩበት።

በ17 ጠዋት ካህናቱ ባርከው ደሳለ ለኮሰው። ዘይት የጠጣ እንጨት ስለነበር ቶሎ ነደደ። ጋሸና ያደረው ባለቤቴ የብረቱን ገመድ በትከሻው ይዞ ሲደርስ ምሰሶው ወደ ምሥራቅ ወደቀ። ሽማግሌዎቹ ዘመኑ ጥጋብ ነው አሉ። ባለቤቴ የደሳለን ኮሌታ ያዘ፤ ሰው ገላገላቸው፤ ደሳለ እጁን አላነሣም። ከዚያ እኔን አየና “አንቺም ጣልሽበት?” አለኝ። “የቀረህልኝ መስሎኝ ነው” አልኩት። ገመዱን አስቀምጦ ወደ ግቢያችን ገባና ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።

ደሳለ በዚህ ጉዳይ ጥፋት የለበትም፤ የሚጠየቅ ካለ እኔ ልጠየቅ። ለባለቤቴ ፊት ለፊት ልነግረው ሞክሬ እንባ ስለቀደመኝ፣ እዚህ ተጽፎ እንዲነበብለት እጠይቃለሁ። ጥዱን ይቁረጠው። ሐይቅም አብሬው እሄዳለሁ። ውሃ እፈራለሁ፤ ቢሆንም እሄዳለሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ያልኩት ይኸው ነው፤ እውነት ነው። የመጨረሻው እንዳይቀነስብኝ አደራ ብዬ የጣት አሻራዬን አኑሬያለሁ።

የምስክሯ የጣት አሻራ ____________
ቃሉን የተቀበለው ፖሊስ ፊርማ ____________