የምንጩ ሴት

ሚሊኒየሙ ሊገባ በተቃረበበት ክረምት ቡታጅራ ውስጥ አንድ አዲስ ሆቴል ለምረቃ ይሰናዳ ነበር። ባለቤቱ አቶ ገብረእግዚአብሔር ቤታቸው ከሌላው የሚለይበት ነገር እንዲኖረው ፈለጉና በአዳራሹ ረጅም ግድግዳ ላይ ራሳቸው የፈጠሩትን ተረት የሚያሳይ ሥዕል አዘዙ። በተረቱ አንዲት ሴት ዘቢዳር ተራራ ላይ ማንም ከማያውቀው ምንጭ ትጠጣለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጡቶቿ ማደግ ይጀምራሉ። ቀሚሷ ይጠባታል፣ የቤቷ በር አያሳልፋትም፣ በመጨረሻም እርሷም ገላዋም ከጎጆው በላይ ሆነው ደመና ይነካሉ።

ሥራው የተሰጠው ለጋሽ ብርሃኔ ነበር። ጋሽ ብርሃኔ በወታደርነት ከጎንደር መጥተው እዚያው ትዳር መሥርተው የቀሩ፣ የሱቅና የጸጉር ቤት ሰሌዳ ሲሥሉ የሸበቱ ሰው ናቸው። ተረቱን በአራት ክፍል ሣሉት። በየክፍሉ ሁለት ክቦች እየተለቁ ሄዱ፤ የቀረው ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። ቀሚሱ ያው ቀይ ቀሚስ፣ አቋሟ ያው ቀጥ ያለ አቋም፣ ፊቷም እንደ ሳሙና ማስታወቂያ ፈገግ ያለ። ፊቱን የወሰዱት ከሆቴሉ ወጥ ቤት ኃላፊ ከወይዘሮ አበበች ነው። አላስፈቀዷትም። አርባ ዓመት የሞላት፣ ብዙ የማትናገር ሴት ስለነበረች ማስፈቀድም ትዝ አላላቸውም።

አቶ ገብረእግዚአብሔር ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር አዩት። አዳራሹን የሚጨርሱት አናጢዎች ሳቁ። ባለቤቱ ሥዕሉ እንደማያስደንቅም እንደማያስፈራም ለጋሽ ብርሃኔ ነገሯቸውና እስከ ምረቃው ካልተሻሻለ ከአዲስ አበባ በማሽን የታተመ እንደሚያስመጡ ጨምረው አስታወቁ። ይህ ጋሽ ብርሃኔን አንገበገባቸው። የከተማውን ሰሌዳ አንድ በአንድ የነጠቃቸው ያው ማሽን ነበርና።

ከዚያ ዝናቡ በረታ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከተራራው ወርዶ መንገዱን ሲሸፍን ጋሽ ብርሃኔ ብቻቸውን ወደ አዳራሹ ገቡ። በሦስተኛው ክፍል የተሣለችው ሴት ደረት ከግድግዳው ወጣ ብሎ ታያቸው። ዓይናቸው ያታለላቸው መሰላቸውና ቀርበው መዳፋቸውን አሳረፉበት። ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ሲጫኑት ትንሽ ገባ፤ ሲለቁት ቀስ ብሎ ተመለሰ፣ ልክ እንደሚተነፍስ ሰው።

በማግስቱ ጨምሮ አገኙት። በሦስተኛው ቀን የእብጠቱ ጥላ ወገቧ ድረስ ወርዷል። ፊቷ ግን እንደ ወትሮው ፈገግ እንዳለ ነው፤ ያ ፈገግታ አሁን ለማየት የሚያስጨንቅ ሆኗል። ሠራተኞቹ ወደ አዳራሹ መግባት ትተው ዕቃቸውን በጓሮ በኩል ማመላለስ ጀመሩ።

ወይዘሮ አበበች መጥታ ከበሩ ላይ ቆመች። ወደ ውስጥ አልዘለቀችም።

“ጋሽ ብርሃኔ፣ ያቺ ሴት እኔ ነኝ?”

ጋሽ ብርሃኔ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እርሷም ድምጿን ሳታነሳ፣ ግድግዳው ማበጥ ከጀመረ ወዲህ ደረቷ እየጠበባት እንደሆነ፣ የቀሚሷን ስፌት ፈትታ ማስፋቷን፣ ለማን እንደምትናገር ግን እንዳላወቀች ነገረቻቸው። ከዚያ “ይህን ፊት ያንሱልኝ” ብላ ሄደች።

ጋሽ ብርሃኔ ኖራ በባልዲ በጥብጠው ሥዕሉን ሙሉ በሙሉ ሊያጠፉት ቆረጡ። ብሩሹን እንዳነሱ አንዲት ወጣት ከዝናቡ ሸሽታ ወደ አዳራሹ ገባች። እሌኒ ትባላለች። አዲስ አበባ ሥዕል ተምራ ወልቂጤ የምታስተምር፣ አክስቷን ልትጠይቅ የመጣች ናት። ከእግዜር ሰላምታ በኋላ ግድግዳውን ስታይ ቀርባ ክፍል በክፍል ተመለከተችው።

“ጋሼ፣ እባክዎን አያጥፉት” አለች በመጨረሻ።

“ልጄ፣ ይህ ሥራ ከመጀመሪያውም መጥፎ ነበር። የሴት ገላ ሲያብጥ መሣል ነውር ነው። ግድግዳውም ተቆጣ።”

እሌኒ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣችና ዙሪያውን አይታ ተመለሰች። በላይ በኩል አሸንዳው ተሰብሮ ውሃው በጭቃው ግድግዳ ውስጥ እየወረደ፣ ልስኑን ከኋላ እየገፋው መሆኑን አስረዳቻቸው። ጋሽ ብርሃኔ ግን ይህ አላጽናናቸውም። ግድግዳው ይህን ያህል ረጅም ሆኖ ውሃው ለምን እዚያች ቦታ ላይ ብቻ እንደተጠራቀመ ጠየቋት።

“እሱን አላውቅም” አለች በቅንነት። “ግን እኔም አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በአራተኛው ክፍል ደረቷን ጣሪያ አድርሰውታል፤ ማንም አልፈራም። ይህ እብጠት ግን ከአንድ ዳቦ አይበልጥም። ለምን አስፈራ?”

ሽማግሌው ሁለቱን ሥዕሎች ደጋግመው አዩ።

“ያኛው ትልቅ ነው” አሉ ቀስ ብለው። “ይህ ግን እያደገ ነው።”

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። ጋሽ ብርሃኔ በዕድሜያቸው ሁሉ ማሳደግ ማለት ማተለቅ ብቻ ይመስላቸው ነበር፤ ትልቁን ያየ ሰው ዕድገቱን እንዳላየ አሁን ከራሳቸው አፍ ሰሙት።

እሌኒም ቀጠለች። ዕድገት የሚታየው በትንሹና በትልቁ መካከል ባለው ነገር ነው፤ መጀመሪያ የሚናገረውም ጨርቁ ነው አለች። ስፌቱ ይወጠራል፣ አንዱ ቁልፍ ይላላል፣ የቀሚሱ ጫፍ ከፊት ከፍ ይላል። ከዚያ ክብደቱ ይመጣል፤ እሱን የሚያሳየው ደግሞ እግሯ ነው። ጋሽ ብርሃኔ በዚህ አልተስማሙም፤ ደረቷ እያለ እግሯን ማን ያያል ብለው ተከራከሩ።

“ጋሼ፣ ያንን ባልዲ ደረትዎ ላይ አቅፈው ይቁሙልኝ።”

አቀፉት። ኖራው ከባድ ነበር። ሳያስቡት ወገባቸው ወደ ኋላ ተለመጠ፣ ትከሻቸው ወረደ፣ አንድ እግራቸው ቦታ ፈልጎ ወደ ፊት ሄደ።

“አሁን እግርዎ የት ሄደ? የእርሷ ግን አልተነቃነቀም። ስለዚህ የተሸከመችው ነገር ክብደት የለውም፤ ክብደት ከሌለው ደግሞ ዓይን አያምነውም። ተረት ስለሆነ እንደፈለግን እንሣለው ማለት አይደለም። ነገሩ የማይሆን በሆነ ቁጥር የቀረው ሁሉ እውነት መምሰል አለበት።”

ጋሽ ብርሃኔ ባልዲውን አስቀምጠው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። “ፊቷስ?” አሉ፤ ሲያሳድዳቸው የሰነበተው እሱ ነበርና።

“ገላዋ እየተለወጠ ነው፤ ፊቷ ግን ወሬው አልደረሰውም። ልትደነግጥ ትችላለች፤ ልትደሰትም፣ ልትኮራም ትችላለች። እሱ የእርስዎ ምርጫ ነው። ብቻ ትወቀው። በራሷ ላይ የሚሆነውን የማታውቅ ሴት ሲሥሉ የሣሉት ሬሳ ነው።”

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጋሽ ብርሃኔ ፈገግ ያለችውን ሴት ቀና ብለው ለማየት አልደፈሩም።

“ነውሩንስ ምን ታደርጊዋለሽ?” ብለው ጠየቁ።

“ነውሩ መጠኑ አይደለም ጋሼ። ሴቲቱ ሙሉ ሰው ከሆነች፣ የራሷ ሐሳብ ካላት፣ በተረትም ቢሆን መገረም እንጂ መዋረድ የለባትም። ነውር የሚሆነው ከእውነተኛ ሰው ሳይጠይቁ ወስደው ሲሥሉ ነው።”

እሌኒ ይህን ስትል ስለ ወይዘሮ አበበች የምታውቀው ነገር አልነበረም። ሽማግሌው ግን ፊታቸው ጠቆረ። ፊቱ የማን እንደሆነ፣ እርሷም ምን እንዳለቻቸው ነገሯት። እሌኒም ከብሩሽ በፊት ወደ ወጥ ቤት እንዲሄዱ መከረቻቸው።

ሄዱም። በዕድሜ የምታንሳቸውን ሴት ይቅርታ ጠየቋት፤ እርሷም እያየች አራቱንም ፊቶች በቢላ ፋቋቸው። የመጨረሻው ሲነሳ ወይዘሮ አበበች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆየችና “ለቀቀኝ” አለች። የልብ ዕረፍት ይሁን ሌላ ነገር፣ ጋሽ ብርሃኔ አልጠየቁም። ከዚያ አሸንዳው ተጠገነ፣ ያበጠው ልስን ተወጋ። ከውስጡ በጭቃ የደፈረሰ ውሃ ይወጣል ብለው ነበር፤ የወጣው ግን እንደ ምንጭ የጠራ ነበር። እሌኒ ይህንንም ማስረዳት አልቻለችም።

ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ጋሽ ብርሃኔ እንደገና ጀመሩ። ፊቱን ከማንም አልወሰዱም። በመጀመሪያው ክፍል የተለየ ነገር የለም፤ አንድ ስፌት ብቻ ተወጥሯል፣ ሴቲቱም እጇን ወደ እሱ ልካለች። በሁለተኛው በራሷ ገላ ተገርማለች። በሦስተኛው ወገቧን ለምጣ፣ እግሯን አስፍታ፣ የበሩን መቃን ይዛለች። በአራተኛው ከጎጆው በላይ ቆማለች፤ ጥላዋ ሸለቆውን ሸፍኖታል፤ እርሷ ግን ቁልቁል ወደ ተመልካቹ እያየች አፏን ልትናገር ገለጥ አድርጋለች።

በምረቃው ቀን ማንም አልሳቀም። እየተንጫጩ የገቡት ሰዎች ከመጀመሪያው ክፍል ወደ ሁለተኛው ሲያልፉ ድምፃቸው ይቀንስ ነበር። አቶ ገብረእግዚአብሔር የማሽኑን ነገር ዳግመኛ አላነሱም። ለሠዓሊው ከወልቂጤም ከጉብሬም ሥራ መጣላቸው። ጋሽ ብርሃኔ ከዚያ ወዲህ የሰው መልክ ሲሥሉ አስቀድመው ያስፈቅዳሉ፤ ሸክም ሲሥሉ ተሸክመው ያያሉ። ሥራቸው ከማሽኑ የተለየው በዚህ ነው፤ እርሳቸውን ከተማው ያከበራቸውም፣ ሽበታቸው ከመማር ስላላገዳቸው ነው።

በዚያው ቀን አንዲት እንግዳ ሴት ከአራተኛው ክፍል ፊት ብዙ ቆመች። ስለ ተሣለችው ሴት ደረት ትልቅነት አንድም ነገር አላነሳችም።

“ምን ልትል ነው?” ብላ ጠየቀቻቸው።

ጋሽ ብርሃኔ ቀና ብለው አዩ። የተሣለችው ሴት አፍ ሥለው ከተዉት ይልቅ ትንሽ ሰፋ ብሎ የተከፈተ መሰላቸው።

“እሱን ለእኔም አልነገረችኝም” አሉ።